የአሮጌ ሞተር ጀልባ የመሪ ኬብል መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ጀልባ ስጠግን ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው የሰበሰብኩት፤ የሚመለከተው ሞተራቸው ከኋላ ተንጠልጥሎ ሾፌሩ ከፊት በመሪ የሚነዳቸውን ጀልባዎች ነው።

የመሪ ኬብል የሚባለው የቱ ነው?

ከመሪው ጀርባ ተነስቶ በጀልባዋ ጎን ለጎን እስከ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ጥቁር ገመድ ነው። ከላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ውስጡ ጠንካራ የብረት ሽቦ አለ። መሪውን ስታዞሩ ከጀርባው ያለው ጥርስ ሽቦውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። በሞተሩ በኩል ያለው ጫፍ የጣት ውፍረት ያለው ድፍን የብረት ዘንግ ነው።

ሞተሩን ከውሃ ስታነሱት የሚታጠፍበት ቱቦ አለ። ዘንጉ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያልፍና በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ከዚያ በአንዲት አጭር ክንድ ከሞተሩ ጋር ይያያዛል። ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ሞተሩ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ጀልባዋም አብራ ትዞራለች። ታንኳ ላይ መቅዘፊያው በቀዛፊው እጅ ነው። እዚህ ግን በሾፌሩና በውሃው መሐል ያለው ይህ አንድ ገመድ ብቻ ነው።

ኬብሉ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያው ምልክት የመሪው መክበድ ነው። ክፋቱ ቀስ እያለ ስለሚመጣ እጅ ይለምደዋል። ሾፌሩ "ምንም አልሆነም" ይላል። ሌላ ሰው መሪውን ሲይዘው ነው የሚደነግጠው። ስለዚህ በወር አንዴ ጀልባዋን ለማይነዳ ሰው አስይዙና "እንዴት ነው?" በሉት።

ሌሎቹ ምልክቶች በዓይን ይታያሉ። የላይኛው ፕላስቲክ ተሰንጥቋል? የሆነ ቦታ ላይ አብጧል? ከስንጥቁ የዝገት ቀለም ወርዷል? እንዲህ ከሆነ ውሃ ገብቶ ውስጡ ያለው ሽቦ መበላት ጀምሯል። መሪውን ስታዞሩ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማችሁ ወይም መሪው ሩብ ዙር ያህል ሄዶ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰም ጉዳዩን አታሳድሩት።

መሪው ከብዷል። የኬብሉ ነው ወይስ የሞተሩ?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንድ ሙከራ አድርጉ። ሞተሩን አጥፉ። ዘንጉንና ሞተሩን የምታገናኘዋን አጭር ክንድ ፍቱ። አሁን ሞተሩና ኬብሉ ተለያይተዋል። ወደ ኋላ ሂዱና ሞተሩን በእጃችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። ከዚያ ወደ ፊት መጥታችሁ መሪውን ብቻ አዙሩ።

ሞተሩ በእጅ እንደልብ የሚዞር ከሆነና መሪው ግን ከከበደ ችግሩ ኬብሉ ነው። አንዳንዴ ከመሪው ጀርባ ያለው የጥርስ ቤትም ሊሆን ይችላል። መሪው ቀሎ ሞተሩ አልዞር ካለ ደግሞ ኬብሉን አትንኩት። ሞተሩ የሚዞርበት መሐል ግንድ ግራሶ ርቦታል ማለት ነው። በግራሶ ፓምፕ አዲስ ግራሶ አስገቡ፤ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ከወዲያ እስኪወጣ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ኬብል ገዝቶ ይመጣል። አዲሱ ኬብል ይገባል፤ መሪው እንደከበደ ነው። ያሳዝናል።

የሐይቃችን ውሃ እንደ ባሕር ጨው አይደለም። ታዲያ ለምን ይበላሻል?

እውነት ነው፣ ባሕር ላይ ቢሆን ከዚህም ፈጥኖ ያልቅ ነበር። እኛ ዘንድ ኬብል የሚገድለው ሥራ መፍታት ነው። ክረምት ሲገባ ጀልባዋ ትታሰራለች። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ መሪው አይዞርም። ቱቦው ውስጥ ያለው ግራሶ ይደርቃል። መስከረም ላይ ሾፌሩ መጥቶ መሪውን ይይዛል፤ አልነቃነቅ ይለዋል። ከዚያ በሁለት እጁ ይጨክንበታል። ብዙውን ጊዜ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ የሚጎዳው ያኔ ነው።

በቅርቡ ያወጣሁት አንድ ዘንግ ላይ ግራሶው ቡና ዓይነት ቀለም ይዞ እንደ ጧፍ ሰም ደርቆ ነበር። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ተፈረፈረ። ከሥሩ ያለው ብረት ነጠብጣብ ነጠብጣብ ብሎ ተበልቷል። ጀልባዋ ባሕር አይታ አታውቅም። የዝናብ ውሃ ግን በቱቦው አፍ ገብቶ እዚያው ከርሟል። ወሎ ደግሞ ዝናቡ በክረምት ብቻ አያበቃም፤ በልግም አለን። በመሐል ያለው ፀሐይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። የሚቀጥለው ዝናብ በስንጥቁ ይገባል።

የተበጠሰውን ማስበየድ ወይም መቀጠል አይቻልም?

አይቻልም። እዚህ ላይ አልለሳለስም። አንድ የማከብራቸው ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ "አንተ ልጅ፣ እቺን ቁራጭ ሽቦ በየድ አድርግልኝና ልሂድበት" ብለው ለምነውኛል። "ጋሼ፣ የፈለጉትን ይዘዙኝ፣ ይህን ግን አልሠራም" አልኳቸው። ተቀይመውኝ ሄዱ። ኋላ ታረቅን።

ምክንያቱ ይኸው። ይህ ሽቦ መሳብ ብቻ አይደለም ሥራው፣ ይገፋልም። የተበየደበት ቦታ ድርቅ ይላል፤ በሽፋኑ ውስጥ እንደልቡ አይተጣጠፍም። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል። የሚበጠሰው መሪው በኃይል ሲዞር ነው። በኃይል የሚዞረው ደግሞ ማዕበል ሲመጣ ወይም ከፊት ታንኳ ሲያጋጥም ነው። ሐይቅ ጥልቅ ቦታው ላይ ወደ 80 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ተሳፍሮ ከሚሄደው ሰው ስንቱ ዋና ይችላል? የፍሬን ገመድ በሽቦ ጠምዝዞ ሐረጎን የሚወርድ ሹፌር ብታዩ አትሳፈሩም። ይህም ያው ነው።

ሽቦውን ብቻ አውጥቼ መለወጥስ?

ለጀልባ መሪ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሽቦው፣ ሽፋኑና ዘንጉ ፋብሪካ ላይ አንድ ላይ ታስረው ነው የሚመጡት። ሙሉውን ነው መቀየር። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ገመድ የለመደ ሰው ይህ ይከነክነዋል፤ ግን አማራጭ የለም።

ርዝመቱን እንዴት ነው የምለካው?

መጀመሪያ አሮጌውን ኬብል እዩት። በብዙዎቹ ላይ በመሪው በኩል ባለው ጫፍ አጠገብ ቁጥር ታትሟል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱን በጫማ ይናገራሉ። 15 ካለ 15 ጫማ ነው። አንድ ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው።

ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ ሜትር ያዙ። ሦስት ቦታ ለኩ። አንደኛ ከመሪው መሐል እስከ ጀልባዋ ጎን። ሁለተኛ ከዚያ በጎኗ በኩል እስከ ኋላ ግድግዳዋ። ሦስተኛ ከጎኗ እስከ ሞተሩ ቱቦ መሐል። ሦስቱን ደምሩ። ኬብሉ ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚዞርበት እያንዳንዱ ቦታ 10 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፤ ማዕዘኑን ዞሮ ስለሚያቋርጥ ነው። ዘንጉ በሞተሩ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። በምሳሌ ላሳያችሁ። 60፣ 310 እና 85 ብትለኩ ድምሩ 455 ነው። ሁለት ማዕዘን ካለ 435 ይሆናል። 15 ሲጨመር 450። ለ30.48 ስታካፍሉት 14.76 ይመጣል። 15 ጫማ ትገዛላችሁ። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው።

አጭር ኬብል ምንም አይደረግለትም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሻጩ "ይበቃዋል፣ አብሽር" ብሎኝ ሳልለካ ገዝቼ መጣሁ። ሙሉ ቀን ስታገል ዋልኩ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲዞር ኬብሉ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ሻጩ መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ አልነበረም። በጣም የረዘመም ጥሩ አይደለም፤ የተረፈውን ጠምዝዛችሁ ካስቀመጣችሁት መሪው ይከብዳል።

የት ይገኛል?

ደሴም ኮምቦልቻም ፈልጌ አግኝቼ አላውቅም። የጀልባ ሞተር ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎች ዘንድ አዲስ አበባ ማስፈለግ ነው፤ ካልሆነም ጣና ላይ ጀልባ ያላቸውን መጠየቅ። ስትደውሉ ርዝመቱን ብቻ አትንገሩ። ከመሪው ጀርባ ያለውን የጥርስ ቤት ከነጽሑፉ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። የአንዱ ፋብሪካ ኬብል በሌላው ጥርስ ላይ ላይገጥም ይችላል። የጥርስ ቤቱ አርጅቶ የሚላወስ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መቀየር ይሻላል። ዋጋው ያማል፤ ሁለት ጊዜ መፍታት ግን የበለጠ ያማል።

ያገለገለ ኬብል አትግዙ። ውስጡ አይታይም።

ራሴ መቀየር እችላለሁ?

መፍቻ የያዘ ሰው ይችላል። ጥሩ መፍቻዎች፣ አንድ ትልቅ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ፣ ላምባና ብዙ ጨርቅ ይበቃል። አሮጌው ካልተጣበቀ ግማሽ ቀን ነው። ከተጣበቀ ግን ቀኑን አትቁጠሩ። ጀልባዋን ወደ የብስ አውጧት። ውሃ ላይ ሆኖ መፍታት ዳዶ ለዓሣ መመገብ ነው።

ጊዜ መምረጥም አለ። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ክረምቱ ወጥቷል። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ሲደርስ ሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙ እንግዳ ይመጣል፤ ገዳሙን ከውሃው ላይ ማየት የሚፈልግም አይጠፋም። ያኔ ጀልባችሁ ተፈትታ መሬት ላይ መተኛት የለባትም።

አቀያየሩ እንዴት ነው?

ከኋላ ጀምሩ። የምታገናኘዋን ክንድ ፍቱ። ከቱቦው አፍ ላይ ኬብሉን የያዘውን ትልቁን ዳዶ ፍቱ። ዘንጉን ሳቡት፤ ከወጣ ተመስገን። ከዚያ ወደ ፊት ሂዱ። ኬብሉ ከጥርስ ቤቱ ጋር የሚያያዝበትን ማሰሪያ ፍቱና መሪውን እያዞራችሁ ሽቦውን አስወጡ። ከመፍታታችሁ በፊት ኬብሉ ወደ ጥርስ ቤቱ የሚገባው ከላይ ይሁን ከታች ፎቶ አንሱ። ይህችን ፎቶ ኋላ ትፈልጓታላችሁ።

አሮጌውን ከጎን መያዣው ስታወጡ ጫፉ ላይ ሲባጎ እሰሩ። ኬብሉ ሲወጣ ሲባጎው በቦታው ይገባል። ከዚያ አዲሱን በሲባጎው ስባችሁ ታስገባላችሁ። ወለሉን ሳትነቅሉ ትገላገላላችሁ። አዲሱ ኬብል ሲዞር ሰፋ አድርጎ ይዙር። የዙሩ ግማሽ ስፋት ከ20 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ከዚያ በታች ከታጠፈ መሪው ከመጀመሪያው ቀን ይከብዳል።

ቱቦውን አዲሱ ዘንግ ከመግባቱ በፊት እጠቡት። ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ በላምባ ነክራችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። አድርቁ። ዘንጉን ግራሶ ቀብታችሁ አስገቡ። ክንዷን ስታስሩ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው፣ ራሱን የሚይዘው ዳዶ አዲስ ይሁን። አሮጌው አንዴ ከተፈታ መያዙ ይላላል። ካሰራችሁ በኋላ ክንዷ እንደ ማጠፊያ እንደልቧ መንቀሳቀስ አለባት።

ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ አለ። ምን ላድርግ?

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ታገሡ። በሁለቱም የቱቦ አፍ ዝገት የሚፈታ ዘይት አጠጡና አሳድሩት። ጠዋት ድገሙት። ዘንጉን በትልቅ መፍቻ ይዛችሁ መጀመሪያ ለማዞር ሞክሩ። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ያበቃል፤ እያዞራችሁ ሳቡት።

ካልሆነ ሊጣል የመጣ ኬብል ነውና ከዳዶው አጠገብ በመጋዝ ቁረጡት። አሁን ዘንጉን ከአንድ ወገን መምታት ይቻላል። 12 ቁጥር ፌሮ ቀጥ ያለ ቁራጭ ፈልጉ። ጫፉን በሞረድ አስተካክሉት። በቱቦው አፍ አስገብታችሁ በመዶሻ ምቱ። በአንድ ምት ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ቀስ ብላችሁ፣ ብዙ ጊዜ፣ በመሐል ዘይት እየጨመራችሁ። አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ሞተሩን ደግፎ ይያዝ። የቱቦውን አፍ አትምቱት። ጥርሱ ከተበላሸ ዳዶው ዳግም አይገባም።

እሳት አታስጠጉ። ጋዝ የያዘ ሰው ሁልጊዜ "ላሙቀው?" ይላል። አጠገቡ ቤንዚን አለ። ቱቦው ውስጥም የሚቀልጡ የፕላስቲክ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ከቀለጡ የኬብል ሥራ ወደ ሞተር ሥራ ይዞራል።

ጨርሼ መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ጀልባዋ ወደ ግራ ሄደች።

ኬብሉ ጥርስ ቤቱ ውስጥ በተቃራኒው ወገን ገብቷል። ከላይ መግባት የነበረበት ከታች ገብቷል፣ ወይም በግልባጩ። ያችን ፎቶ አውጧት። የፊቱን ብቻ ፍቱና አስተካክሉ፤ የኋላውን አትንኩ። "እለምደዋለሁ" የሚል ሾፌር አይቻለሁ። እሱ ይለምደው ይሆናል። የደነገጠ እጅ ግን የሚዞረው በቀድሞ ልማዱ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን ወደ ውሃ ከመመለሳችሁ በፊት መሬት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ ሞተሩን እዩት።

አዲስ ኬብል አስገብቼም መሪው ከባድ ነው።

መጀመሪያ የተጠማዘዘ ቦታ ፈልጉ። ቀጥሎ በቱቦው አፍ ያለውን ትልቁን ዳዶ እዩ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ እንደሆነ ይታያል። ክንዷም ተጨምቃ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ደህና ከሆኑ ከላይ ወደ ነገርኳችሁ ሙከራ ተመለሱ፤ ሞተሩን ለብቻው በእጅ አዙሩት።

ግራሶ መቼና እንዴት ነው የሚሰጠው?

ጀልባዋ ሥራ ላይ ስትሆን በወር አንዴ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ግዴታ። ውሃ የማይፈታው ግራሶ ግዙ። ሁለት ዓይነት አትቀላቅሉ። አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። ቱቦው ላይ የግራሶ ማስገቢያ ካለ ግራሶ ከመስጠታችሁ በፊት መሪውን አዙራችሁ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው አስገቡት። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ ከሞላችሁት ሲመለስ ግራሶው መሄጃ ያጣል፤ መሪውም ድርቅ ብሎ ይቆማል። ዘንጉ ተሰበረብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያደረገው ይህን ነው።

ክረምት ላይ ጀልባዋን አስራችሁ አትርሷት። በሳምንት አንዴ ሂዱና መሪውን ከጫፍ ጫፍ አምስት ጊዜ አዙሩ። ከልጆቻችሁ አንዱን መላክም ይቻላል።

ሐይቁ መሐል ላይ ቢበጠስስ?

ወዲያው ነዳጁን ቀንሱ፤ ማርሹን ነፃ አድርጉ። መሪው እጃችሁ ላይ እየተሽከረከረ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ከገፋ ጀልባዋ ክብ ትሠራለች፤ ቆሞ ያለ ሰው ይወድቃል። ሁሉም ይቀመጥ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላጠለቀ ያጥልቅ። እናንተ ድምፃችሁን አታንሡ። የሾፌር ድንጋጤ ከኬብሉ ይልቅ ሰው ያስነሳል።

ከዚያ አንድ ሰው ወደ ኋላ ይሂድና ክንዷን ይፍታ። ያኔ ሞተሩ ከተበላሸው ኬብል ይላቀቃል። ያው ሰው ተቀምጦ ሞተሩን ከላይ በክዳኑ ይይዛል፤ ሾፌሩ ከፊት ሆኖ በጣም በትንሽ ነዳጅ ብቻ ይነዳል። ሁለቱ እየተነጋገሩ ወደ ቅርቡ ዳር ይሄዳሉ። ነፋስና ማዕበል ካለ ይህን አትሞክሩ። ሞተሩን አጥፉና በመቅዘፊያ ውጡ። መቅዘፊያ የሌላት ሞተር ጀልባ ከዳር መነሳት የለባትም።

ክንዷን የሚፈታው መፍቻ ደግሞ ቤት ቢቀር ምንም አይረባም። ልኩን ዛሬ ለዩና ጀርባ ወንበር ሥር በሲባጎ እሰሩት። ሲባጎው ክንድ ያህል ይርዘም፤ እስከ ዳዶው እንዲደርስ፣ ከእጅ ቢያመልጥም ውሃ እንዳይገባ።